ሕክምናውን ጨርሰን ወደ ወሎ የተመለስነውን ማን ይጠይቀን?

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በየዓመቱ የፈረንጆቹ ኦክቶበር ሲገባ ጋዜጣችሁ፣ እንደ ሌሎቹ መገናኛ ብዙኃን ሁሉ፣ ስለ ጡት ካንሰር ይጽፋል። ሴቶች ጡታቸውን እንዲዳስሱ፣ እብጠት ያገኙ እንደ ሆነ ውለው ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም እንዲሄዱ ትመክራላችሁ። ምክሩ ትክክል ነው፤ እኔም በደቡብ ወሎ በአንድ ጤና ጣቢያ በነርስነት ሳገለግል ይህንኑ ምክር መስጠት ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ግን የምርመራው ወሬ ካበቃ በኋላ ስለሚጀምረው ሕይወት ለመጻፍ ነው። በ2011 ዓ.ም. እኔው ራሴ የጡት ካንሰር ተገኝቶብኝ፣ ቀዶ ሕክምናውንም መድኃኒቱንም ጨረሩንም አዲስ አበባ ተመላልሼ ጨርሼ፣ በ2012 ዓ.ም. ደሴ ወዳለው ቤቴ ተመልሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰውነቴ፣ ኑሮዬ፣ ትዳሬና ሥራዬ ምን እንደ ሆኑ ለምርምር ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እንደ እኔ ካሉት መካከል የማውቃቸውንም የጠየቃቸው የለም።

ወሎ ውስጥ የታመመ ሰው ሳይጠየቅ አይውልም። በተኛሁባቸው ወራት የቅሬያችን (የዕድራችን) ሴቶች ተራ ገብተው አጥሚቱንና ገንፎውን ያመላልሱልኝ ነበር፤ አንዷ ጠበል፣ ሌላዋ ቁርአን የተቀራበት ውሃ ይዛ ትመጣለች፤ ሁለቱንም ጠጥቻለሁ። ፀጉሬ በቅሎ ሥራ ስጀምር «እንኳን ማረሽ» ተብሎ ጥየቃው አበቃ። ጎረቤቶቼን አልወቅስም፤ ለእነሱ በሽታው አልቋል። የሚቆጨኝ የሕክምናው ዓለምም እንደ ጎረቤቶቼ ማሰቡ ነው። ቀጠሮዬ ከሦስት ወር ወደ ስድስት ወር፣ ከስድስት ወር ወደ ዓመት እየተራዘመ ሲሄድ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ብቻ ሆነ፤ በሽታው ተመልሷል ወይስ አልተመለሰም? አለመመለሱ ፈጣሪን ሌት ተቀን የማመሰግንበት ነገር ነው። ነገር ግን አልተመለሰም ማለት ሁሉ ነገር ደኅና ነው ማለት አይደለም።

ለመሆኑ እንደ እኔ ያለው ሰው በአማርኛ ምን ተብሎ ይጠራል? «ታማሚ» እንዳልባል ሕክምናዬን ጨርሻለሁ። «ዳነች» የሚለው ቃል ነገሩን ይዘጋዋል፤ የዳነ ሰው ቀጠሮ የለውም፣ እኔ ግን በየማለዳው ክኒን እውጣለሁ፣ የምርመራ ውጤት ልቀበል በሄድሁ ቁጥር ጉልበቴ ይከዳኛል። «ተራፊ» ቢባል ከገበታ የሚነሣውን ትራፊ ያስታውሳል፤ ማንም በዚያ መጠራት አይወድም። «ከካንሰር ያገገመ» የሚለውን አንዳንድ ጽሑፍ ላይ አይቼዋለሁና ለጊዜው በእሱ እጠቀማለሁ። ቃሉን ማንሣቴ ለቋንቋ ስል ብቻ አይደለም። ስም ያልወጣለት ሰው በመዝገብ ላይ ዓምድ አይሰመርለትም፤ እኛም በጤና ጣቢያዬ መዝገብ ላይ ዓምድ የለንም።

በሌላው ዓለም ይህ ጉዳይ ስም ካገኘ አርባ ዓመት ሆኖታል። አሜሪካዊው ሐኪም ፊትዝሂዩ ሙላን ራሳቸው በካንሰር ታመው ታክመው ነበርና በ1985 እ.ኤ.አ. በአንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ በጻፉት ጽሑፍ፣ ከምርመራው ቀን ጀምሮ ያለውን የታማሚውን ዘመን በሦስት ወቅቶች ከፍለው አሳዩ፤ የሕክምናው ጊዜ፣ ከሕክምናው ማግሥት በሥጋት የሚታለፈው ጊዜ፣ በመጨረሻም በሽታው የመመለሱ ነገር እየራቀ ሲሄድ የሚመጣው ረጅሙ ጊዜ። ሕክምና ውሃ የወሰደውን ሰው አውጥቶ ዳር ላይ ካስቀመጠው በኋላ እየሳለ ብቻውን እንደሚተወው የጻፉትም እሳቸው ናቸው። በማግሥቱ ዓመት እሳቸውና ባልንጀሮቻቸው ለዚሁ ጉዳይ ማኅበር አቋቋሙ፤ በ1996 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ምርምሩን የሚመራ ራሱን የቻለ ክፍል ከፈተ፤ በ2022 በዚያች አገር ካንሰር ይዟቸው በሕይወት ያሉ ሰዎች ወደ 18 ሚሊዮን ደርሰው ነበር።

ከዚያ ሁሉ ምርምር የተገኘው ቀላል አይደለም። ከሕክምና በኋላ ዓመታት የሚዘልቅ፣ እንቅልፍ የማያስለቅቀው ዝለት እንዳለ፣ አንዳንዱ መድኃኒት የእጅና የእግር ጣትን እያደነዘዘ እንደሚቆይ፣ በሽታው ይመለስ ይሆን የሚለው ፍርሃት ራሱን የቻለ ሕመም እንደሆነ፣ በልጅነቱ የታከመ ሰው የሕክምናውን ዋጋ በጎልማሳነቱ ሊከፍል እንደሚችል ታውቋል። ይሁንና የተጠኑት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ስናይ አብዛኛው ጥናት የተደረገው በሀብታም አገሮች፣ በይበልጥም የጡት ካንሰር በያዛቸው፣ ሆስፒታል በሚቀርባቸው ሴቶች ላይ ነው። የገጠር ሰው፣ ድሃው፣ አረጋዊው፣ ወንዱ፣ ያልተለመደ ዓይነት ካንሰር የያዘው፣ በሽታው ሳይጠፋለት ከነሕመሙ ዓመታት የሚኖረው በጥቂቱ ብቻ ነው የተጠየቀው። ደግሞም ችግሩን የሚዘረዝር ጥናት ብዙ ሲሆን፣ ችግሩን የሚያቃልል ነገር ሞክሮ ውጤቱን የሚለካው ጥቂት ነው። ይህን ጉድለት የዘርፉ ተመራማሪዎች ራሳቸው ደጋግመው ጽፈውታል። እንግዲህ በእነሱ ዘንድ ክፍተት የተባለው፣ ሲደመር፣ ወሎ ላይ ያለነው ሰዎች ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስመለስ በመጀመሪያ የሚያስጨንቀኝ ቁጥሩ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ በዓመት ከ77 ሺህ በላይ ሰዎች አዲስ በካንሰር ይያዛሉ፣ ወደ 52 ሺህ የሚጠጉት ይሞታሉ። ይህ ግምት በዋናነት የሚነሣው በ2011 እ.ኤ.አ. ከተጀመረው የአዲስ አበባ ከተማ የካንሰር መዝገብ ነው። የአዲስ አበባን ሰው ቆጥሮ የደላንታንና የወረባቦን ሰው መገመት ሌላ አማራጭ ስለሌለ የሚደረግ ነው፤ ከነአካቴው ካለመገመትም ይሻላል። ነገር ግን ስለ ሞትና ስለ አዲስ ሕመም እንኳ የምናውቀው በግምት ከሆነ፣ ታክሞ በሕይወት ስላለው ሰው ምን እናውቃለን?

አዲስ አበባ ውስጥ በሚደረጉ ጥናቶች ላይ የካንሰር ሕሙማን ስንት ዓመት እንደሚኖሩ ሲሰላ «ክትትሉ የተቋረጠ» የሚባል ሰው አለ። ቀጠሮውን ያልጠበቀ፣ ስልኩም የማይነሣ ሰው ነው። ስሌቱ ይህን ሰው እስከ መጨረሻው የታየበት ቀን ድረስ በሕይወት እንደነበረ ይቆጥረውና ከዚያ በኋላ ያስወጣዋል፤ የወጣው ሰው ዕጣም ክትትል ላይ ከቆየው ሰው ዕጣ የተለየ እንዳልሆነ አድርጎ ይወስዳል። በሥራዬ ያየሁት ግን ሌላ ነው። አንዱ ክትትሉን ያቋረጠው ሞቶ ነው፤ ቤተሰቡ አስከሬኑን ቀብሮ፣ ቅሬው አልቅሶ፣ ሆስፒታሉ ሳያውቅ ዓመት አልፎታል። ሌላዋ ያቋረጠችው ደኅና ሆና ነው፤ ጤፏን እያጨደች ነው፣ ለአራት መቶ ኪሎ ሜትር መንገድ የሚሆን ገንዘብ ግን የላትም። ሦስተኛው ያቋረጠው በጣርማ በር በኩል ያለው መንገድ በተዘጋበት ሰሞን ቀጠሮው አልፎበት፣ ካለፈ በኋላ መሄዱን ፈርቶ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስልክ ተቋርጦ፣ የጤና ተቋማት ተዘርፈው፣ ሰዉም እግሩ ወደ መራው ሄዶ ነበር፤ ያን ጊዜ ለአንዲት የሐይቅ ሴት ደውሎ ያጣት ተመራማሪ በመዝገቡ ላይ ምን ሊጽፍ ይችል ነበር? የሞተውም፣ የዳነችውም፣ የፈራውም በአንድ ቃል ተጠቃለው ከስሌቱ ይወጣሉ። የአገራችንን የካንሰር ሕክምና ውጤት የምናነበው ከእነዚህ ሰዎች በኋላ ከቀረው ቁጥር ነው። የእኔ እምነት የመጀመሪያው የምርምር ሥራ እነዚህን ሰዎች ቤታቸው ድረስ ሄዶ ማግኘት ነው የሚል ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

መድኃኒቱ በክንዴ እየገባ በተቀመጥሁበት አንድ ቀን መጠይቅ የያዘ ወጣት ተማሪ ወደ ክፍሉ ገብቶ ነበር። ትሑት ልጅ ነበር፤ ፈቃዳችንን ጠይቆ፣ ወንበሩን ስቦ፣ ጥያቄውን ቀስ እያለ ያነብልን ጀመር። ብዙ ጊዜ እንዲህ ላለው ጥናት የሚውለው መጠይቅ የአውሮፓ የካንሰር ምርምርና ሕክምና ድርጅት ያዘጋጀው፣ በ1993 እ.ኤ.አ. የታተመው ሠላሳ ጥያቄዎች ያሉት ነው፤ ጥሩ መሣሪያ ነው፣ በብዙ ቋንቋም ተተርጉሟል። የመጀመሪያው ጥያቄ ከባድ የገበያ ዕቃ ወይም ሻንጣ እንደ መሸከም ያለ አድካሚ ሥራ ያስቸግርዎት እንደ ሆነ ይጠይቃል። ከጎኔ ያለው አልጋ ላይ የነበሩት ከወሎ ቦረና የመጡ እናት ጥቂት አሰቡና «ሻንጣ እንኳ የለኝም ልጄ፤ እኔ የምሸከመው ውሃ ነው፤ እሱንም ከታመምሁ ወዲህ ልጄ ነች የምትቀዳው» አሉት። ልጁ ከአራቱ ምርጫዎች የትኛውን እንዳከበበላቸው አላየሁም። እሳቸው ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ነገር ነግረውት ነበር፤ ከባድ ሸክም ለእሳቸው ሃያ ሊትር ጀሪካን መሆኑን፣ ያንን መተዋቸውን፣ የእሳቸው ሸክም ወደ ልጃቸው መዛወሩን። ልጅቱ ስንተኛ ክፍል ነበረች? ትምህርቷን ትታ ይሆን? መጠይቁ ለዚህ ቦታ አልነበረውም።

የአስታማሚው ነገር ከክፍተቶቹ ሁሉ ሰፊው ይመስለኛል። ገንዘቡንም የምጨምረው እዚሁ ላይ ነው፤ በዚያው መጠይቅ ላይ ሕመሙና ሕክምናው የገንዘብ ችግር አስከትለውብዎታል ወይ የሚል አንድ ጥያቄ አለ፣ አንድ ብቻ። በሬ የተሸጠበት፣ መሬት ለእኩል የተሰጠበት፣ ከቅሬው ተበድሮ እስከ ዛሬ ያልከፈለ ቤተሰብ በዚያ አንድ ጥያቄ አይለካም። ተሁለደሬ ወረዳ በ2003 ዓ.ም. ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ለሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ እንደ መሆኑ፣ መድኅኑ በካንሰር ለታከመ ቤተሰብ ምን እንዳቀለለና ምን እንዳላቀለለ ለማጥናት ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። የአውቶቡሱንና የአልቤርጎውን ወጪ መድኅኑ እንደማይከፍል ሁሉም ያውቃል፤ ከጠቅላላው ወጪ ምን ያህሉ እሱ እንደ ሆነ ግን ተሰልቶ ሊታወቅ ይገባል።

አሁን ስለ እጄ ልጻፍ፤ የማውቀው እሱን ነውና። ቀዶ ሕክምናው ሲደረግልኝ በቀኝ ብብቴ ሥር ያሉት ንፍፊቶች አብረው ወጥተዋል። ንፍፊት ሲወጣ ከእጅ የሚመለሰው ፈሳሽ መንገዱ ይጠብበታል፤ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እጅ ሊያብጥ ይችላል። እኔን የጀመረኝ በሁለተኛው ዓመት ነው። መጀመሪያ የቀሚሴ እጅጌ ጠበበኝ፤ ቀጥሎ የጋብቻ ቀለበቴ አልወጣ ብሎ ኮምቦልቻ ያለ ወርቅ ሠሪ በመጋዝ ቆርጦ አወጣልኝ። ስታከም «እጅሽን ከቃጠሎና ከቁስል ጠብቂው» ተብዬ ነበር። ምክሩን የሰጡኝ ሐኪም መልካም ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን እንጀራ የሚጋግር ሰው እጁን ከሙቀት እንዴት አድርጎ እንደሚጠብቅ አልነገሩኝም። አክንባሎው በተነሣ ቁጥር እንፋሎቱ የሚመታው ክንድን ነው፤ እንጀራው በሰፌድ ሲወጣም የሚዘረጋው ያው እጅ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ስጋግር ማታ ማታ እጄ ከብዶ ያድራል፤ በኤሌክትሪክ ምጣድ ቆሜ ስጋግርና በእሳት ተቀምጬ ስጋግር የተለያየ ይመስለኛል። ይመስለኛል የምለው ለክቶ ያየው ስለሌለ ነው። በምዕራቡ ዓለም ስለ ሳውናና ስለ አውሮፕላን ጉዞ ጥያቄ ተነሥቶ ተጠንቷል፤ ስለ ምጣድ ያነሣው የለም። ስለ ማጭድና ስለ እሾህስ? ገጠር ያለችው እኅቴ እጇን ሳትቆርጥ አረም አትነቅልም፣ ማሽላ አትቆርጥም፤ ባበጠ እጅ ላይ የሚገባ ቁስል ደግሞ በአንድ ሌሊት አመርቅዞ ትኩሳት ያመጣል።

ይህን በቅርብ ያየሁት በገዛ ጤና ጣቢያዬ ነው። አንዲት የቃሉ ሴት ግራ እጇ አብጦ፣ ቀልቶ፣ በነጠላ ጠቅልላው መጣች። ካርዷ ላይ የተጻፈው «ዝሆኔ» የሚል ነበር፤ እቤቷ ደግሞ ምች ነው ብለው ቅጠል አሽተውላት ቆይተዋል። ልብሷን ስትከፍት የቀዶ ሕክምናውን ጠባሳ አየሁት፤ የራሴን በየቀኑ ስለማየው አላመለጠኝም። ከአራት ዓመት በፊት መታከሟን ማንም አልጠየቃትም፣ እሷም ስሙን ጠርታ መናገር ፈርታ ነበር።

ዝሆኔ ብለው የጻፉት ባልደረቦቼ ግን ፈጽሞ አልተሳሳቱም፤ በዚህ ስሕተት ውስጥ ለምርምር የሚሆን ትልቅ ነገር አለ። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ከመሄድ የሚመጣው የእግር ዝሆኔ በአገራችን በሰፊው የተጠና በሽታ ነው። በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ 696 ሕሙማን የተሳተፉበት፣ ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ እግርን በሳሙና ማጠብ፣ ቆዳን በቅባት ማለስለስ፣ በፋሻ ማሰር፣ ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ በሽታው እየተነሣ የሚያስተኛበትን ጊዜ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ላበጠ እጅ የሚመከረውም በመሠረቱ ያው ነው፤ ንጽሕና፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ እንቅስቃሴ። ስለዚህ ለእግሩ የተማረውን ባለሙያ ለእጁም ብናሠለጥነው ምን ይገኛል የሚል ጥናት ውድ መሣሪያ አይፈልግም፣ ገጠር ውስጥ ሊሠራ እንደሚችል ጎጃም ላይ ታይቷል፣ ጥያቄውም ከእኛው ኑሮ የወጣ ነው። ቅድሚያ የሚሰጠው ምርምር ምረጪ ብባል ይህን ከፊተኞቹ መካከል አስቀምጠው ነበር።

ሌላው የወረቀቱ ነገር ነው። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ ሕክምናውን የጨረሰ ሰው ሁሉ የተሰጠው መድኃኒትና ጨረር የተዘረዘረበት ማጠቃለያና የወደፊት ክትትሉ ዕቅድ ተጽፎ እንዲሰጠው መክሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ በምዕራቡ ዓለም የተደረጉ በርካታ ሙከራዎች ግን ወረቀቱ ብቻውን የሰዎቹን ጤንነት ብዙ እንዳልለወጠ አሳይተዋል። ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያስ ለእኛም አይጠቅመንም» ሊል ይችላል። እኔ በዚህ አልስማማም። እዚያ የሰውየው ታሪክ በኮምፒዩተር ከሐኪም ወደ ሐኪም ይሄዳል፤ እዚህ ከታማሚው በቀር የሚያውቀው የለም። ቀይ ቀለም ያለው ዶክሶሩቢሲን የሚባለው መድኃኒት መጠኑ በጨመረ ቁጥር ልብን ሊያደክም እንደሚችል፣ ይህም ከዓመታት በኋላ ሊታይ እንደሚችል የታወቀ ነው። እሱን የወሰደች ሴት ከአምስት ዓመት በኋላ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ አጥሯት ጤና ጣቢያ ብትመጣ፣ መድኃኒቱን መውሰዷን ካላወቅሁ አስም ነው ብዬ ልሸኛት እችላለሁ። የጡት ካንሰር እንዳይመለስ የሚወሰደውን ታሞክሲፌን የሚባለውን ክኒን የምትውጥ ሴት የወር አበባዋ ከቆመ በኋላ ደም ቢያያት የማኅፀኗ ግድግዳ መመርመር አለበት፤ ክኒኑን መውሰዷን የማያውቅ ባለሙያ ግን አይጠረጥርም። እኔ ማጠቃለያዬን ያገኘሁት በልመና ነው፤ በታከምሁበት በአንድ ቦታ ሦስት ቀን ተመላልሼ ግማሽ ገጽ የእጅ ጽሑፍ ተሰጠኝ፤ እሱንም ከመታወቂያዬ ጋር በላስቲክ ጠቅልዬ በቦርሳዬ እይዘዋለሁ። በአማርኛ የተጻፈ፣ ለጤና ጣቢያ ባለሙያ የሚገባ አንድ ገጽ ወረቀት በእኛ አገር ሕይወት ያድን እንደ ሆነ ሞክሮ ማየት ከብዙ የተራቀቀ ጥናት ይቀድማል።

ስለ ማኅፀን በር ካንሰር ስጽፍ እጄ ይከብዳል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠው ክትባት ለሚቀጥለው ትውልድ ተስፋ ነው፤ የዛሬዎቹ እናቶች ግን ሳይከተቡ ያለፉ ናቸው። የጨረር ሕክምና ያገኙት በሽንትና በሰገራ መቆጣጠር፣ በብልት መጥበብና መድረቅ፣ በወር አበባ ያለ ጊዜው መቆም ሊቸገሩ ይችላሉ። አንዲት ሴት ባሏ ለምን እንደ ሸሻት የነገረችኝ በሩን ዘግታ፣ መብራቱንም እንዳጠፋው ለምና ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የሃያ ሁለት ዓመት ወንድ ጠያቂ መጠይቅ ይዞ ቢሄድ አያገኘውም። ማን ይጠይቅ፣ የት ይጠየቅ፣ በምን ቃል ይጠየቅ የሚለው ራሱ መጠናት አለበት። ውዱ አድርጎ መስገድ ለሚፈልግ፣ ሰገራውን በሆዱ ላይ በተገጠመ ከረጢት ለሚያወጣ የአንጀት ካንሰር ታካሚም እንዲሁ፤ ወገቡን ሲያጎነብስ ከረጢቱ ያፈስብኛል ብሎ መስጊድ መሄድ የተወ ሰው ጭንቀቱን ለሐኪሙ አይነግረውም፤ ለሼሁ ሊነግራቸው ይችላል። ንጽሕናውን በሚመለከት ሼሁም ቄሱም የምርምሩ ባለቤቶች ቢሆኑ ከብዙ መጠይቅ የበለጠ ይገኛል።

«ግማሹ ታማሚ ሕክምና ሳያገኝ በሚሞትበት አገር በሕይወት ስላለው ሰው ምርምር ማድረግ ቅንጦት ነው» የሚል ክርክር ከባልደረቦቼ ሰምቻለሁ። ክርክሩ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ እኔም ወረፋ ጠብቃ ጨረሩ ሳይደርሳት ያረፈችውን የአልጋ ጎረቤቴን አልረሳትም። ነገር ግን ሴቶች ለምን ዘግይተው እንደሚመጡ በሥራዬ አውቃለሁ። በየመንደሩ የሚታወቀው በካንሰር የሞተው ሰው ነው፤ የታከመውና የዳነው ታሪኩን ይደብቃል። «ቢላ ከነካው ይዛመታል» የሚባለውን ወሬ የሚያፈርሰው ስድስት ዓመት ቆማ የምትሄድ ሴት ማየት ነው። ያገገሙትን ፈልጎ የሚያገኝ ጥናት የሞቱትንም፣ ያቋረጡትንም አብሮ ያገኛል፤ አንዱን ከሌላው ለይቶ መፈለግ አይቻልም።

ስለዚህ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና የጤና ሳይንስ መምህራንን፣ የክልሉን ጤና ቢሮና የዞን ጤና መምሪያዎችን በጋዜጣችሁ በኩል የምለምነው የሚከተለውን ነው። ደሴ ላይ የካንሰር መድኃኒት መሰጠት ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው አዲስ አበባ ሳይመላለስ ይታከማል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ከዚያ የሚወጣው እያንዳንዱ ሰው ከእነ ቀበሌው ተመዝግቦ፣ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በዓመት ሁለት ጊዜ ቤቱ ደርሳ በሕይወት መኖሩን፣ ክኒኑን ማግኘቱን፣ እጁን፣ ትንፋሹን፣ ሥራውን ብትጠይቀው፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ማንም ያላጠናው ጥናት በእጃችን ይኖራል። ክኒኑን ማግኘቱን ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ታሞክሲፌን ለአሥር ዓመት መውሰድ ለብዙ ሴቶች ከአምስት ዓመቱ የተሻለ እንደሚጠብቅ ከታወቀ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እኔ ግን መድኃኒት ቤት ሲያልቅ ከአዲስ አበባ በሾፌር እያስላክሁ ነው የምውጠው፤ ሾፌር የማታውቀዋ ምን እንደምታደርግ አስቡት።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለኝ። ምዝገባው ምሥጢር ይጠበቅ። «በዘራቸው አለ» ተብሎ ልጅ ሳትታጭ የምትቀርበት አገር ነው፤ እኔም በዚህ ደብዳቤ ሥር ስሜን ያልጻፍሁት ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ስላለችኝ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደጃፍ ላይ ቆማ ስሙን እየጠራች ከጠየቀች ሰዎቹ በር ይዘጉባታል። ከመመዝገቡ በፊት እኛን ሰብስቦ እንዴት ብንጠየቅ እንደምንወድ መጠየቅ ይቀድማል።

እኔ በበኩሌ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ ደብተር ላይ ታክመው የተመለሱ የማውቃቸውን ሰዎች ከእነ ፈቃዳቸው ስጽፍ ቆይቻለሁ፤ የታከሙበትን ዓመት፣ የሚያስቸግራቸውን ነገር፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸውን ቀን። ሁለቱ አርፈዋል፤ ያረፉበትንም ቀን ጽፌዋለሁ። ከእኔ ጋር ዛሬ አሥራ አንድ ነን። ከአሥራ አንዱ አራቱ በየትኛውም ሆስፒታል መዝገብ ላይ ክትትላቸው ተቋርጧል። ከአራቱ ሁለቱ ስልክ የላቸውም፤ አንደኛዋ ከሐይቅ ማዶ፣ ሁለተኛዋ ወረኢሉ መንገድ ላይ ናቸው። ቤታቸውን ግን አውቀዋለሁ፤ ለሚመጣ ተመራማሪ መንገዱን እመራዋለሁ።

ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር
አንዲት ነርስ፣ ከደሴ